የሚያፏጨው ሬሳ

ሬሳው ያፏጫል።

ይህን ያለው መጀመሪያ የደረሰው ፖሊስ ነው። ብሎም አልቆመም፤ ቆቡን ጥሎ እስከ ግቢው በር ድረስ ሮጠ። ሁለተኛው ፖሊስ ሊያረጋጋው ተከትሎት ሄዶ እዚያው ቀረ። ስለዚህ መርማሪዋ ስትደርስ ሟቹ ከግንድ ክምሩ ኋላ፣ ከጭነት መኪናው የኋላ ጎማ ሥር፣ ብቻቸውን ተጋድመው ነበር። እውነትም ያፏጫሉ። ፉጨቱ ቀጭን ነው፤ አይቋረጥም፤ በበር ስንጥቅ የገባ ነፋስ ይመስላል።

መርማሪዋ ተንበርክካ ጆሮዋን ወደ ሽማግሌው ጆሮ አስጠጋች። ከጆሯቸው ቀዳዳ ግማሽ የወጣች፣ ባቄላ የምታህል የመስሚያ መሣሪያ አየች። በጣቷ ገፋ ስታደርጋት ፉጨቱ ጸጥ አለ፤ ስትለቃት ቀጠለ።

«ነፍስ አይደለችም፣ ባትሪ ናት! ኑ ተመለሱ!» ብላ ተጣራች።

በጣቢያው የወጣላት ስም «ምን ማለት» ነው። ሰው «ደህና ነኝ» ቢላት እንኳ «ምን ማለት?» ትላለች። ባሏ «እወድሻለሁ» ባላት ቀንም ይህንኑ ጠይቃው፣ ሰውየው ሲያብራራ ሠርጉ ለከርሞ ተላለፈ እየተባለ ይወራባታል።

ቦታው እንጨት መሰንጠቂያ ነው። መጋዙ ሲነሳ የግቢው ዝንቦች እንኳ በክንፋቸው እየተጠቃቀሱ ነው የሚግባቡት ይላሉ ሠራተኞቹ። ሟቹ «አባ መጋዝ» ይባላሉ፤ የግቢው ግማሽ ባለቤት ሆነው ሳለ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ከመጋዙ አጠገብ ያልተለዩ ሰው። በዚያ ቀን መጋዙ ለምሳ ቆሟል፤ ሠራተኞቹም ወደ መንገዱ ማዶ ወጥተዋል።

ሹፌሩ የመኪናው መወጣጫ ላይ ተቀምጧል። የአባ መጋዝ ልጅ ባል ነው። አጭር ዱላ ጭኑ ላይ አጋድሟል፤ እጁ ግን የዱላውን መኖር የረሳ ይመስላል።

«ገደልኳቸው» አለ ማንም ሳይጠይቀው።

«ምን ማለት?»

«በርሜሉን መታሁ። አልወጡም። ወደኋላ ነዳሁ። የሆነ ነገር ጎማው ሥር ተሰማኝ፤ ግንድ መስሎኝ ነበር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በግቢው ሕግ መኪና ወደኋላ ከመንዳቱ በፊት ፊሽካ ይነፋል። ይህ ሹፌር ግን ከበሩ አጠገብ የቆመውን ባዶ በርሜል በዱላ ይመታል። አባ መጋዝ ከክምሩ ኋላ ካሉ ወጥተው ይታያሉ። ማንም ካልወጣ መንገዱ ነጻ ነው ማለት ነው።

ቆቡን አንሥቶ የተመለሰው ፖሊስ ሳቁ አመለጠው። «ኢንስፔክተር፣ ሰውየው እኮ ደንቆሮ ናቸው አሉ። ለደንቆሮ በርሜል መምታት ለዕውር መስታወት እንደማሳየት ነው። ይዋሻል! አይቶ ሳይጠነቀቅ ገጭቷቸው ነው።»

ሹፌሩ አልተከራከረም። ዓይኑ በጽሕፈት ክፍሉ በር ላይ ነው። ሚስቱ እዚያ ቆማለች። አባቷ ከሞቱ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ አናግራዋለች፤ «በርሜሉን እውነት መትተኸዋል?» ብላ። «መትቻለሁ» አላት። ከዚያ በኋላ ግድግዳ እንደሚያዩ ታየዋለች እንጂ ቃል አልወጣትም።

«ካቴናውን ላምጣ?» አለ ፖሊሱ።

«ቆይ እስቲ» አለች መርማሪዋ። ወደ ሬሳው ተመልሳ ጎንበስ አለች። የሽማግሌውን ጫማ አገላበጠች። ተረከዙ ላይ ሰጋቱራ ተጠቅጥቋል፤ የካፖርታቸው ጀርባም እንዲሁ ነው። ከክምሩ ኋላ ያለው መሬት ግን ጠጠር ነው፤ ሰጋቱራ ለመድኃኒት እንኳ የለበትም። ከማጅራታቸው በላይ ያለውን ቁስል አየች፤ ጎማው የተጫነውን እግራቸውንም አየች። የመስሚያ መሣሪያዋን አውጥታ ሳታጠፋት ኪሷ ከተተቻት። ኪሷ ማፏጨት ጀመረ።

ግቢው ውስጥ በምሳ ሰዓት የቀሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። በመጀመሪያ ያገኘችው ፎርማኑን ነው። «ነጎድጓድ» ይሉታል። ሲያስነጥስ ጎረቤት ዝናብ መጣ ብሎ ልብስ ከገመድ ያወርዳል። ጣውላ ጥላ ሥር ተኝቶ ነበር የተነሣው፤ ጉንጩ ላይ የጣውላው መስመር ታትሟል።

«አባ መጋዝ አይሰሙም ነበር አሉ» አለችው።

«ማን? እሳቸው? እኔ ከዚህ ስጠራቸው ከግቢው ጫፍ ‹አቤት› ይሉኛል እኮ፣ እትዬ! ሲፈልጉ ይሰማሉ፤ ሳይፈልጉ አይሰሙም። ሽማግሌ ብልጥ ነው።»

«ሲያናግሩዎት ይህቺን መሣሪያ ያደርጉ ነበር?»

«ኧረ ለምኔ! እኔን ለመስማት መሣሪያ? ከእኔ የሚሸሸግበት መሣሪያ ቢገኝ ነው ለሰው የሚያስፈልገው።»

ሳቀ፤ ሳቁም ብቻውን ቀረበትና አቆመ። ፉጨቱ በመካከላቸው ቀጥሏል።

«ይህ ድምፅ አይረብሽዎትም?»

«የቱ ድምፅ?» አለ ነጎድጓድ ወደ መንገዱ ዞሮ።

መርማሪዋ ጥቂት አየችው። «በርሜሉ ሲመታስ ሰምተዋል?»

«ተኝቼ ነበር እኮ፤ እኔ ከተኛሁ መጋዙም አይቀሰቅሰኝም።»

ሸሪኩን ያገኘችው ፎቅ ላይ ነው። የግቢው ሌላው ግማሽ ባለቤት ይኼ ነው። ክፍሉ ወፍራም መጋረጃ፣ ድርብ መስታወት፣ ምንጣፍ አለው። መጋዙ ቢነሳ እንኳ እዚህ የሚደርሰው እንደ ሩቅ ንብ ነው። ሠራተኞቹ «ዋሽንት» ብለውታል፤ ድምፁ ከመቅጠኑ የተነሣ በመርፌ ቀዳዳ አልፎ ክሩን ለማምጣት ይመለሳል ይላሉ።

«ምስኪን ወንድሜ» አለ ዋሽንት፣ እጁን እያሸ። «ድብን ያለ ደንቆሮ ነበር፣ ልጄ። ስንት ዘመን አብረን ስንሠራ አንዲት ቃሌን ሰምቶ አያውቅም። ዓለም ከኋላው ቢፈርስ አይዞርም። አንድ ቀን መኪና ይበላዋል እያልኩ ስናገር ነበር፤ ይኸው በላው።»

«ዛሬ አግኝተዋቸው ነበር?»

«የት አግኝቼው! ከጠዋት ጀምሮ ከዚህ ክፍል አልወረድኩም። ከሞተም በኋላ አልወረድኩም። ሬሳ ማየት አልችልም፤ አንጀት የለኝም።»

መርማሪዋ ወደ እሱ ጠጋ ስትል ፉጨቱም አብሮ ጠጋ። ዋሽንት ዓይኑን ጨፈነ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እስካሁን አልቆመም እንዴ?» አለ በሹክሹክታ።

«ምኑ?»

«ያ... ኪስሽ ውስጥ ያለው። እባክሽ አጥፊልኝ፤ ራሴን ያመኛል።»

አጠፋችለት። አመስግኖ ውኃ ጠጣ።

የሟቹ ልጅ በጽሕፈት ክፍሉ የጸዳ ጠረጴዛ ትወለውላለች። የወለወለችውን መልሳ ትወለውላለች።

«አባትሽ ይሰሙ ነበር?»

«የሚሰማውን ይሰማል።»

«ምን ማለት?»

ጨርቁ ቆመ። «አባዬ ወፍራሙን ይሰማል። ሞተር፣ በርሜል፣ ነጎድጓድን። ቀጭኑ ነው የሚጠፋበት። ወፍ፣ ፊሽካ፣ ስልክ ሲጠራ። ሰው ሲያወራም ቃሉ ተሸርፎ ነው የሚደርሰው። ለዚህ ነው ባሌ በርሜሉን ያመጣው። ሕግ የሚለው ፊሽካ ነው፤ ፊሽካው ግን ለአባዬ የለም።»

«መሣሪያዋን መቼ ያደርጓት ነበር?»

«መጋዝ ሲሠራ አያደርጋትም፤ ጭንቅላቱን ትበጠብጠዋለች። ከሸሚዝ ኪሱ የሚያወጣት ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው ሰው ሲኖር ነው።»

«ላንቺስ?»

«ለእኔ ከጆሮው ያወጣታል። ‹አንቺን በዓይኔ ነው የምሰማሽ፤ ፊትሽን ብቻ አዙሪልኝ› ይለኝ ነበር።» ይህን ስትል ድምፅዋ አልተለወጠም፤ የሰው ወሬ የምታደርስ ትመስላለች።

«ባልሽ በርሜሉን መትቷል ብለሽ ታምኛለሽ?»

«በርሜሉ ተመትቶ አባዬ ያልወጣበት ቀን የለም። ዛሬ አልወጣም። እንግዲህ ወይ ባሌ አልመታም፣ ወይ ደግሞ...» ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «ማታ ቤት ሲገባ ምን እንደምለው አላውቅም። እንደ ባል ልየው እንደ ገዳይ አላውቅም።»

መርማሪዋ ከዚያ አባ መጋዝን ያክም ወደነበረው የጆሮ ሐኪም ሄደች። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትንሽ ግትር ነው፤ ቃል ሲመርጥ ቆዳ እንደሚመርጥ ጫማ ሰፊ ያስጨንቃል።

«ደንቆሮ ነበሩ ወይስ አልነበሩም? አጭር መልስ ስጠኝ።»

«አጭር መልስ አይደል ሰው የሚገድለው!» አለ ሐኪሙ። «በዚያ ቃል አልጠቀምም። ስድብ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ምንም ስለማይነግረኝ ነው። ከልጅነቱ ምንም ሰምቶ የማያውቅ፣ በእጁ የሚያወራ ሰው አለ። ከሩቅ የማይሰማ፣ ከቅርብ የሚሰማ አለ። እንደ አባ መጋዝ ወፍራሙን ሰምቶ ቀጭኑ የሚያመልጠውም አለ። ሦስቱን በአንድ ስም ከጠሯቸው አንዱንም መንገድ አያሻግሩትም።»

«ጆሯቸውን ምን ጎዳው?»

«ጩኸት። መጋዙ። እሳቸው ግን እርጅና ነው ተብለው ነበር። ሸሪካቸው ለሰው ሁሉ እንደዚያ ይል ነበር አሉኝ። ስነግራቸው ‹እርጅና ከሆነ የሚጠየቀው ፈጣሪ ነው፤ ጩኸት ከሆነ ግን የምንጠየቀው እኛ ነን› አሉ። መጋዙን አስቁመው ሠራተኞቹን በሙሉ ሊያስመረምሩ ነበር። የጆሮ መከላከያ ሳይሟላ፣ ግድግዳው ሳይሸፈን መጋዙ አይነሳም ብለውኛል። ዛሬ ለሸሪካቸው ሊነግሩት ነበር።»

መርማሪዋ «ምን ማለት?» አላለችም። በሥራ ዘመኗ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

በማግስቱ ሁሉንም በመጋዙ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። መጋዙ ቆሟል። ሠራተኞቹ ጸጥታ ስላልለመዱ የት እንደሚቆሙ ጠፍቷቸዋል። ሹፌሩ በሁለት ፖሊሶች መካከል ነው። ሚስቱ በማዶ ናት። ዋሽንት መሐረብ ይዞ፣ ወንበር መጥቶለት ተቀምጧል። ሐኪሙ ግድግዳ ተደግፏል።

«ነጎድጓድ፣ ፊትዎን ወደ ግድግዳው አዙረው ይቁሙልኝ። ድምፅ ሲሰሙ እጅዎን ያንሡ» አለች።

ፎርማኑ እየሳቀ ዞረ። መርማሪዋ የፖሊሱን ፊሽካ ተቀብላ ባለ በሌለ ትንፋሿ ነፋችው። ሠራተኞቹ ብዙዎቹ ጆሯቸውን ያዙ። ከመጋዙ አጠገብ የሚሠሩት ጥቂቶቹ ግን ሌሎቹ ለምን ጆሯቸውን እንደያዙ ግራ ገብቷቸው ተያዩ። ነጎድጓድ አልተነቃነቀም።

«ጀምሩ እንጂ፣ ምን ይጠበቃል?» አለ።

አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው። መርማሪዋ ለሹፌሩ ምልክት ሰጠችው። ሹፌሩ እዚያ ያስገቡትን በርሜል በዱላው አንዴ መታ።

«አቤት!» ብሎ ነጎድጓድ ዞረ። የሰዎቹን ፊት አየ። «ምን ሆናችሁ?»

«የአባ መጋዝ ጆሮ እንደርስዎ ጆሮ ነበር» አለችው በቀስታ። ወደ ሌሎቹ ዞረች። «ስለ አንድ ሰው አራት ዓይነት ወሬ ሰማሁ። ፎርማኑ ሲፈልጉ ይሰማሉ አለኝ። ልጃቸው ወፍራሙን ይሰማል አለችኝ። ሹፌሩ ምንም አላለኝም፤ በርሜል መታ። ሸሪካቸው ድብን ያለ ደንቆሮ ነው አሉኝ። የዋሸ አለ ብዬ ነበር። የሚገርማችሁ፣ በዚህ ማንም አልዋሸም። ሁሉም የነገረኝ የራሱ ድምፅ ሽማግሌው ጆሮ ላይ እንዴት እንደነበረ ነው። የነጎድጓድ ድምፅ ይገባል። የዋሽንት ድምፅ አይገባም፤ ገብቶም አያውቅም።»

«ይህ ወንጀል ነው እንዴ?» አለ ዋሽንት።

«አይደለም። ወደ ወንጀሉ እየመጣሁ ነው። ይህን ሞት መኪና ያመጣው አስመስሎ ያዘጋጀ ሰው አለ። ያ ሰው አባ መጋዝ ምንም አይሰሙም ብሎ ከልቡ ያምናል። በርሜሉ ሲመታ የሚወጡ መሆናቸውን ቢያውቅ ከክምሩ ኋላ አያስተኛቸውም ነበር፤ አለመውጣታቸው ያጋልጠዋላ! ልጃቸው ይህን ታውቃለች። ባሏም ያውቃል። ነጎድጓድም ሲጠራቸው ‹አቤት› እንደሚሉት ያውቃል።»

«መሣሪያዋ ጆሯቸው ውስጥ ነበረች። መጋዙ ቆሟል፤ ቁጭ ብለው ሰው ያዳምጡ ነበር ማለት ነው። ማንን? ለነጎድጓድ መሣሪያ አያስፈልጋቸውም። ለልጃቸው ከጆሯቸው ያወጧታል እንጂ አያደርጓትም። ሹፌሩ ያኔ ግንድ ጭኖ ገና መንገድ ላይ ነበር።»

«ያኔ ማለት መቼ?» አለ አንዱ ፖሊስ።

«በሞቱበት ሰዓት። ማጅራታቸው ላይ ያለው ደም ደርቋል። ጎማው የጨፈለቀው እግር ግን ጠብታ አልደማም። ሬሳ አይደማም። ጫማቸው ተረከዝና ጀርባቸው ላይ ሰጋቱራ አለ፤ ከዚህ አዳራሽ ተጎትተው ነው የሄዱት። ሲጎተቱ መሣሪያዋ ከቦታዋ ወጣች። ከቦታዋ ስትወጣ ታፏጫለች።» ወደ ዋሽንት ዞረች። «እርስዎ ከጠዋት ጀምሮ አልወረድኩም አሉኝ። ሬሳውን አላየሁም አሉኝ። ፉጨቱን ሲሰሙ ግን ‹ምንድን ነው?› አላሉም። ‹እስካሁን አልቆመም እንዴ?› አሉ። ሲጀምር የት ነበሩ?»

ዋሽንት መሐረቡን አጠፈ፤ ዘረጋው፤ መልሶ አጠፈው። ሲናገር ሁሉም አንገቱን ሰገግ አደረገ፤ ነጎድጓድ ብቻ የሰውየው ከንፈር ሲንቀሳቀስ ዝም ብሎ ያያል።

«ልገድለው አልወረድኩም» አለ። «መጋዙን እንዳይዘጋው ልለምነው ነው የወረድኩት። ያችን ነገር ከኪሱ አውጥቶ ጆሮው ውስጥ አደረገ። ‹በል ተናገር› አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስናገር ትናንት ገና ሰማኝ። እስከ መጨረሻው ሰማኝና ‹አይሆንም› አለ።» መሐረቡን ኪሱ ከተተው። «ገፋሁት። የመጋዙ ብረት ላይ ወደቀ። ስጎትተው ያፏጫል። ተወኝ እለዋለሁ፤ ያፏጫል።»

ፖሊሶቹ ሹፌሩን ትተው ወደ ወንበሩ ሄዱ። ያ ቆቡን የጣለው ፖሊስ ካቴናውን ሲያስር ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ ነበር።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ሹፌሩ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም።

«እንግዲህ እኔ ስነዳ...» አለ።

«አልነበሩም» አለችው መርማሪዋ። «በርሜሉን መትተሃል። ያልወጡት ስላልነበሩ ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። ደስ አላለውም፤ አላለቀሰምም። ዱላውን አንዴ አየውና በርሜሉ ላይ አስደገፈው። ሚስቱ በማዶ ሆና ይህን ሁሉ ሰማች። ወደ ጽሕፈት ክፍሉ ተመለሰች።

በር ላይ ነጎድጓድ ሐኪሙን እጅጌውን ያዘው።

«ዶክተር፣ እኔም ደንቆሮ ነኝ ማለት ነው እንዴ?»

«አይደሉም። በጩኸት የተጎዳ ጆሮ ያለዎት፣ ወፍራም ድምፅ የሚሰሙ፣ ቀጭን ድምፅ የሚያመልጥዎት ሰው ነዎት።»

«ይህስ ረዘመ።»

«ይረዝማል። ልክ ግን ነው።»

ነጎድጓድ ቃላቱን አንድ በአንድ ለራሱ ደገማቸው። ቀስ ብሎ ለመናገር ሞክሮ ነበር፤ መንገድ ማዶ ያሉት ሁሉ ሰሙት።

ከቀብሩ በኋላ መጋዙ አልተነሣም። ግድግዳው እየተሸፈነ ነው። ጫካ ውስጥ የቀረ ግንድ ስለነበር ግን ሹፌሩ ጭኖ መጣ። ግቢው በር ላይ ሲደርስ ወርዶ በርሜሉን መታ። ጠበቀ። ማንም ከክምሩ ኋላ አልወጣም። ማንም ካልወጣ መንገዱ ነጻ ነው።

መኪናው ላይ ወጣ፤ ማርሹን አስገባ፤ እግሩ ግን አልታዘዝ አለው። ሞተሩ እየጮኸ እንደተቀመጠ ቀረ።

የጽሕፈት ክፍሉ በር ተከፈተ። ሚስቱ ግቢውን አቋርጣ ከክምሩ ጎን፣ በጎን መስታወቱ ሙሉ በሙሉ በምትታይበት ቦታ ቆመች። ፊቷን ወደ እሱ አዞረች። ከሞቱ ቀን ወዲህ ለእሱ ያልተንቀሳቀሰው ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። በሞተሩ ጩኸት ድምፅዋ አልደረሰውም፤ እሱ ግን በመስታወቱ ውስጥ ሰማት።

«ና» አለችው። «ና፣ ና፣ ና።»

ሹፌሩ ቀስ ብሎ ወደኋላ ነዳ።